ሊፖቪና ያደረ መርዶ

ወይዘሮ ኤርና አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተጋድመው፣ ዓይናቸው ተከድኖ፣ አንሶላው እስከ ደረታቸው ተስቦላቸው ነበር። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜ አልጋው ላይ የሞተ ሰው ማንንም አያስደነግጥም፤ በሩ ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስም ጉዳዩን ቶሎ ተፈርሞ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አድርጎት ነበር። ትንሳኤ ገሠሠ ግን አንሶላውን ከግርጌ ገለጥ አድርጋ የሟቿን እግር ስታይ ቆየች።

ትንሳኤ የካውንቲው የአስከሬን መርማሪ ናት። ሰው ሐኪም አጠገቡ ሳይኖር ቤቱ ውስጥ ሲሞት፣ እሷ መጥታ «እንዴት?» ብላ ሳትጠይቅ ሬሳው አይነሳም። አዲስ አበባ ነርስ ነበረች፤ ዲቪ ደርሷት ከመጣች በኋላ ተምራ እዚህ ሥራ ላይ ገባች። ስሟና ሥራዋ ስለማይገጥሙ አትላንታ ውስጥ ያልቀለደባት ሐበሻ የለም። «ትንሳኤ ስትመጣ ሙታን ይነሳሉ፤ በቃሬዛ» ይላሉ። ሠርግ ላይ አጠገቧ መቀመጥ የሚፈሩም አሉ። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን ሥራውን አያቆምም።

በሟቿ የእግር አውራ ጣቶች ሥር ዙሪያውን ቀጭን መስመር ሰርጉዷል። በመስመሩ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ቀርቶበታል።

«ይህን አይተኸዋል?» ብላ ፖሊሱን ጠየቀችው።

«የካልሲ ምልክት ይሆናል» አላት።

ካልሲ አውራ ጣትን ለይቶ አያስርም። እሷ ባደገችበት ቤት ግን ሰው ሲሞት ዓይኑ ይከደናል፣ አገጩ ይያዛል፣ የእግሩ አውራ ጣቶችም አንድ ላይ በክር ይታሰራሉ። እዚህ አትላንታ ዳር፣ ደንዉዲ ውስጥ አንዲትን የጀርመን አሮጊት እንደ አገር ቤት የገነዛቸው ሰው አለ ማለት ነው። ክሩ ደግሞ አሁን የለም።

ጭንቅላታቸውን ቀና አደረገችው። ከኋላ በኩል እንቁላል የሚያህል፣ ቆዳው የተሰነጠቀ እብጠት አለ፤ ፀጉራቸው ውስጥ የጡብ ብናኝ ተሰግስጓል። ትራሱ እርጥብ ነው። ኮሞዲኖው ላይ ስልክና ውሃ የጎደለ ብርጭቆ፣ አጠገቡም የሻይ ማንኪያ ተቀምጧል። እብጠቱን በጣቷ ረዘም ላለ ጊዜ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ወጣች።

ሳሎን ውስጥ የሟቿ ልጅ ዴቪድ ስልክ ይዞ ይንጎራደዳል። ስልሳ የሚጠጋ፣ ፊቱ የቀላ ሰው ነው። የሚያነጋግረው እናቱን የምትንከባከበውን ልጅ የላከውን ድርጅት ነበር። «ያቺን ሴት ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማየት አልፈልግም። ለፖሊስም ነግሬያለሁ» ይላል።

በዚህ መካከል የውጭው በር ተከፈተና አቶ ፊልጶስ ገቡ። አቶ ፊልጶስን አትላንታ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የዕድር ሊቀመንበር፣ ባልና ሚስት አስታራቂ፣ ለስንቱ ሥራ ያገኙ ሰው ናቸው። የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ጥለቱ በትከሻቸው ላይ ዞሮ አንገታቸው ሥር ወድቋል። ዴቪድን አቅፈው ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፤ ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ ሶፋው ጥግ ተቀመጡ። ትንሳኤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻቸውና ወደ ወጥ ቤት አለፈች።

ሱአድ ከእቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆማለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሻሿን አጥብቃ አስራለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ተቀመጪ» አለቻት ትንሳኤ።

«ቆሜ ይሻለኛል።»

«ጠዋት ስትገቢ ምን አየሽ?»

«ተኝተው ነበር። ጠራኋቸው። እጃቸውን ስይዘው ቀዝቅዘዋል።»

«ትናንትስ አንቺ ነበርሽ?»

ሱአድ ከንፈሯን ነከሰች። «ሺፍቴን አልጨረስኩም። ሎረንስቪል የእህቴ ልጅ የሠርግ ሒና ነበረ። ሚስ ኤርና ራሳቸው ናቸው ‹ሂጂ፣ ዛሬ ከኤሚል ጋር ነኝ› ያሉኝ።»

«ኤሚል ማነው?»

«በልጅነቱ የሞተ ወንድማቸው። በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያ ቀን፣ በሙታን መታሰቢያ፣ ጓሮ ውስጥ ሻማ ያበሩለታል። ትናንት ሻማው ሳይበራ ነው የወጣሁት። እንግዲህ ትቻቸው መሄዴን ኤጀንሲው ሰምቷል። ላይሰንሴን ሊወስዱት ነው። ዴቪድ ደግሞ ገድላቸዋለች እያለ ነው። እውነት ያስሩኛል እንዴ?»

«እሱ በምጽፈው ላይ ይወሰናል» አለች ትንሳኤ። ማጽናናት አታውቅበትም። «ጠዋት ለማን ለማን ደወልሽ?»

«ለ911፣ ለዴቪድ፣ ከዚያ ለጋሽ ፊልጶስ።»

«ለጋሽ ፊልጶስ ምን አልሻቸው?»

ሱአድ ጥያቄው ገረማት። «ለሽማግሌ በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ? ‹ሚስ ኤርና ትንሽ ደክመዋል፣ ብቅ ይበሉ› ነው ያልኳቸው። ሲመጡ ሰው ይዞ ይነግራቸዋል ብዬ።»

«ጣታቸውን ያሰረው ክርስ የት ሄደ?»

ሱአድ ቦርሳዋን ይበልጥ ጨመቀች።

«እኔ አልገነዝኳቸውም» አለች በመጨረሻ።

«ገነዝሻቸው ወይ ብዬ አልጠየቅኩሽም።»

«አውቃለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ሰው ራሱ ይናገር ብዬ ነው።»

ትንሳኤ አላስጨነቀቻትም። ልጅቷ ራሷን ለማዳን የሚበቃ ነገር ይዛ ሳለ ሌላ ሰው አፉን እንዲከፍት ትጠብቃለች። እንዲህ ያለውን ጨዋነት ትንሳኤን ነርስነቷም መርማሪነቷም አላስተማሯትም፤ ያደገችበት ሰፈር ነው ያስተማራት። ስንት ሰው እንደጎዳም ታውቃለች።

ወደ ሳሎን ስትመለስ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ፎቶ ሥር ቆመች። በፎቶው ላይ ጣሪያው የሾለ የድንጋይ ቤትና ትልቅ ዛፍ ይታያል።

«ይሄ የት ነው፣ ጋሽ ፊልጶስ?»

«ሊፖቪና» አሉ አቶ ፊልጶስ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው የለዘበ ነው። «ፖላንድ ውስጥ ነው። ኤርና ስትወለድ ሊንደንሩ ይባል ነበር። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ከጀርመን አገር የመጡ ገበሬዎች ጫካ መንጥረው ያቀኑት መንደር ነው። ኋላ ጦርነቱ ሲያልቅ ድንበር ተቀየረ። ጀርመኖቹ በእጃችሁ የምትችሉትን ይዛችሁ ውጡ ተባሉ፤ ኤርና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።»

«በቦታቸውስ ማን ገባ?»

«ፖላንዶች። እነሱም በደስታ አልመጡም፤ የእነሱን መንደር ደግሞ በምሥራቅ በኩል ሌላ አገር ወስዶባቸው ተነቅለው ነው። አንዱ ተፈናቃይ የሌላውን ተፈናቃይ አልጋ ወረሰ በይው። ስታሻ የምትባል ባልቴት ነበረች፤ ወደዚህ ቤት ስትገባ ምድጃው ላይ ድስት እንደተጣደ አገኘሁ ትል ነበር። ባለቤቶቹ ነገ ይመለሳሉ ብላ ለዓመታት ሻንጣዋን አልፈታችም።»

«እርስዎ ስታሻን እንዴት አወቋት?»

«በደርግ ጊዜ እርሻ ላጠና ወደ ፖላንድ ተልኬ፣ በመኸር ወቅት መንደሩ ውስጥ እንሠራ ነበር። የማድረው ስታሻ ቤት ነው። አንድ ቀን ኤርና የተወለደችበትን ቤት ለማየት መጣች። አሜሪካዊ አግብታ እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ስታሻ ደግሞ ከፖሊሽ ሌላ አታውቅም። ሁለቱንም የምችል በመንደሩ እኔ ብቻ ነበርኩ። አስተረጎምኩላት። ከዓመታት በኋላ ስደተኛ ካምፕ ስገባ ዋስ ሆና እዚህ ያመጣችኝ እሷ ናት። እናቴ ማለት ናት።»

«ወይዘሮ ኤርና ምን ምን ጠየቁ ያን ቀን?»

«ሁሉም የሚጠይቀውን ነዋ። ቤቱን፣ የውሃ ጉድጓዱን፣ የወንድሟን መቃብር።»

«መቃብሩ ነበረ?»

«ከዛፉ ሥር» አሉ አቶ ፊልጶስ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ፎቶው ላይ አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ነበር። ትንሳኤ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። የሚያውቋት ሰዎች ይህን የምታደርገው መነጽሩ ሲቆሽሽ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

«ትናንት ሻማውን አብረው አበሩ?»

«በየዓመቱ እመጣ ነበር። ዘንድሮ ደብር ሥራ በዝቶብኝ ቀረሁ፤ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ ጸጸቱ አይለቀኝም።»

ዴቪድ የእናቱን ስም ሰምቶ ቀረበ። «የማይገባኝን ንግግር ትታችሁ እሷን ጠይቁ» አለ በጣቱ ወደ ወጥ ቤት እያሳየ። «በሚያዝያ ወደ ሊፖቪና ልንሄድ ነበር፤ እናቴ፣ እኔና ፊልጶስ። ትኬት ተቆርጧል። ሰዎቹን እንዲያነጋግርልን እናቴ ለምናው ነበር። ስትሞት አመዷን ከኤሚል አጠገብ እንድቀብር አስምላኛለች።»

«አንተና እናትህ ትስማሙ ነበር?»

«ቤቱን ሸጠን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ትግባ ብዬ ተጣልተናል። ማንም ይነግርሽ የለ። ትናንት ግን ሳቫና ነበርኩ፤ ጠዋት ሱአድ ስትደውል እዚያው ከባለቤቴ ጋር ነበርኩ።»

«ከዚያ በኋላ ለፊልጶስ ደውለሃል?»

«እስኪመጣ ድረስ ከማንም ጋር አላወራሁም። ከኤጀንሲውና ከፖሊስ በቀር።»

ትንሳኤ ወደ ጓሮ ወጣች። ወይዘሮ ኤርና ከመንደራቸው ባስመጡት ዘር ያበቀሉት ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል። ሥሩ በጡብ ተከቧል፤ መሐሉ ላይ ቀይ የብርጭቆ ፋኖስ አለ። በፋኖሱ ውስጥ ሻማው ነድዶ አልቋል። ጡቦቹ የድንጋይ ሽበት አብቅለዋል፤ አራቱ ብቻ ታጥበው ቀይ ሆነዋል።

መክብብ ከምድር ቤቱ በር ላይ ቆሞ ያያታል። የአቶ ፊልጶስ የእህት ልጅ ነው፤ ወይዘሮ ኤርና ምድር ቤታቸውን አከራይተውት ራይድ እየሠራ ይኖራል። በቲሸርቱ አንገት በኩል ማተቡ ይታያል።

«ሻማውን አንተ ነህ ያበራህላቸው?»

«እኔ አይደለሁም።»

«እሳቸው ራሳቸው ይሆኑ?»

«ሚስ ኤርና ክብሪት አይጭሩም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሱአድ ነበረች ሁሉን ነገር የምታበራላቸው።»

«ሱአድ ሒና ሄዳ ነበር።»

መክብብ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔንጃ። መሞታቸውን እንኳ የሰማሁት አጎቴ ከመጡ በኋላ ነው። ትናንት ኤርፖርት ነበርኩ፣ ቢዚ ነበር። ማታ መጥቼ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጌ ቀጥታ ወደ ታች ወረድኩ።»

«ለምን መንገድ ላይ? ድራይቭዌው ሰፊ አይደል?»

«አይ፣ መኪና ስለነበ—» አለና አቆመ።

«የማን መኪና?»

«አላስተዋልኩም።»

«ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ የምትውል ልጅ፣ በርህ ላይ የቆመ መኪና አላስተዋልክም?»

መክብብ ጫማውን አየ። «ዩ ኖው፣ እዚህ አገር ያመጣኝ ሰው አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።»

ነገሩ ለትንሳኤ ግልጽ ሆነ፤ ግልጽ መሆኑም ደስ አላሰኛትም። ዴቪድ ለኤጀንሲው ከነገረ ወዲህ የወጣው ወሬ እንደሆነ ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። ከብሩክሄቨን እስከ ሎረንስቪል ስልክ እየተቀባበለ፣ «ሱአድ አሮጊቷን ጥላ ሄዳ ገደለቻቸው» የሚለው ነገር ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ቤቱ ሳይገባ ተዳርሶ ነበር። ከሚያወሩት ውስጥ ጠዋት ለልጅቷ ደውሎ «ምን ሆንሽ?» ያላት አንድም ሰው አልነበረም። ያሳፍራል፤ ግን የሆነው ይኸው ነው።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሱአድ ከበሩ አጠገብ ቆመች፤ ዴቪድ ተቃራኒዋ ተቀመጠ። አቶ ፊልጶስ ከሶፋው ጥግ አልተነሱም፤ መክብብ ከአጎቱ ራቅ ብሎ ወንበር ሳበ። ፖሊሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ትንሳኤ ዴቪድ እንዲገባው በእንግሊዝኛ፣ መሸሽ እንዳይኖር ደግሞ በአማርኛ እያደረገች ተናገረች።

«ወይዘሮ ኤርና የሞቱት አልጋቸው ላይ ነው፤ የወደቁት ግን ጓሮ ነው። ፀጉራቸው ውስጥ የጡብ ብናኝ አለ። ከዛፉ ሥር አራት ጡቦች ታጥበዋል፤ ሌሎቹ ከተሠሩ ጀምሮ ውሃ የነካቸው ሰው የለም።»

«ይኸው» አለ ዴቪድ ወደ ሱአድ እያየ።

«ቆይ። ሻማው ነድዷል። እናትህ ክብሪት መጫር አይችሉም፤ ሱአድ ደግሞ ሳይበራ ነው የሄደችው፤ ትናንት ከመሸ ጀምሮ ሎረንስቪል በመቶ ሴት መሐል ነበረች። ስለዚህ ከእሷ በኋላ የመጣ ሰው አብርቶላቸዋል። በዚህ ቤት ያ ሻማ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው።»

ትንሳኤ ወደ መኝታ ቤቱ በር ጠቆመች።

«ቀጥሎ፣ ወዲያው አልሞቱም። ከሞት በኋላ የተመታ ጭንቅላት እንዲያ አያብጥም። ልብ እየመታ፣ ደም እየፈሰሰ ነው እብጠቱ የመጣው። ትራሱ የረጠበው ግንባራቸው ላይ ፎጣ ሲደረግላቸው ነው። ውሃ በሻይ ማንኪያ ተሰጥቷቸዋል። አንድ ሰው አጠገባቸው ብዙ ተቀምጧል። ስልክ እዚያው ኮሞዲኖ ላይ አለ። አልደወለም።»

ዴቪድ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ሲሞቱ ያ ሰው እግራቸውን አጥቦ የእግራቸውን አውራ ጣቶች አሰረ። የእኛ ሰው ነው። ያሰረበት ክር ገና ያልደረቀው እግር ላይ ቀለሙን ለቋል፤ ጥቁር ሰማያዊ። እንዲህ ያለ ክር ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞ አይዞርም፤ አንገቱ ላይ ነው የሚያስረው። አዲስ ሲሆን ደግሞ ቀለም ይለቃል።» ዞር ብላ አየቻቸው። «ሱአድ ማተብ የላትም፤ ሙስሊም ናት። የመክብብ ማተብ አንገቱ ላይ ነው፤ ሁላችንም እናየዋለን።»

አቶ ፊልጶስ ሳያስቡት እጃቸው ወደ ሸሚዛቸው ቁልፍ ሄደ።

«ጋሽ ፊልጶስ፣ እኔ ግን እርስዎን ያወቅኩት በማተቡ አይደለም። ገና ሲገቡ ነው። ሱአድ የደወለችልዎት ‹ደክመዋል፣ ብቅ ይበሉ› ብላ ነው። ዴቪድ አልደወለልዎትም። መክብብ ደግሞ ራሱ የሰማው እርስዎ ከመጡ በኋላ ነው። ወሬውም የወጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የታመመ ሰው ሊጠይቅ የሚመጣ፣ ከቅዳሴ የሚመጣ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ነው የሚመጣው። እርስዎ አዘቅዝቀው መጡ። ሐዘንተኛ ሆነው ነው በዚያ በር የገቡት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መርዶውን ማን ነገርዎት?»

አቶ ፊልጶስ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አጠፉት። ከዚያ የአንገታቸውን ቁልፍ ፈቱ። ማተቡ ሲታሰርበት የኖረው ቦታ ከሌላው ቆዳ ነጣ ብሎ ይታያል። እስካሁን በአንቱታ ነው የተረክንላቸው፤ ልማድ ነውና እንቀጥል።

«ማተቡን በመስቀል ዕለት ነበር የቀየርኩት» አሉ። «ክር ጠፍቶኝ በእሱ ያሰርኳት እንዳይመስልሽ። አንገቴ ላይ ሊቀመጥ አልቻለም።»

«ምን ነገሯቸው ከዛፉ ሥር?»

«መቃብሩ የለም አልኳት።»

ዴቪድ ቀና አለ። አቶ ፊልጶስ ወደ እሱ ዞረው በእንግሊዝኛ ቀጠሉ፤ የሚቀጥለውን ግን አንዳንዱን ለራሳቸው በአማርኛ ይደግሙት ነበር።

«የጀርመኖቹ መቃብር እኔ ከመድረሴ በፊት ታርሷል። የቀሩትን ድንጋዮች እኛ ተማሪዎቹ በመኸር ጊዜ አነሳናቸው። ለግንብ፣ ለመንገድ፣ ላገኙት ነገር አዋሏቸው። ትንሹን ድንጋይ እኔና ሌላ ልጅ ተሸክመን ስታሻ ግቢ አመጣነው፤ የአሳማ ጋጣዋ በር ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርገን መረገጫ ሠራነው። ስሙን አንብቤዋለሁ። ኤሚል ይላል። ያኔ ለእኔ ስም ብቻ ነበር።»

«ከዚያ እናቴ መጣች» አለ ዴቪድ።

«መጣች። ጋጣውን ማየት ፈለገች፤ በልጅነቷ እዚያ ትደበቅ ነበር። ወጥታ ‹የወንድሜ መቃብር የት ነው?› አለችኝ። ለስታሻ ሳስተረጉምላት ስታሻ አለቀሰች፤ ‹ምን ልበላት?› አለችኝ። እኔ ነኝ የመለስኩት። ከዛፉ ሥር በሰላም አርፏል አልኳት።»

«ድንጋዩን ረገጠችው?» አለ ዴቪድ።

«ሁለት ጊዜ። ስትገባና ስትወጣ።»

መክብብ ዓይኑን ከአጎቱ ላይ አነሳ።

«በእኛ አገር» አሉ አቶ ፊልጶስ፣ «መርዶ ብቻውን ለቆመ ሰው አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይሄዳል፣ የሚይዘው ሰው ይዘጋጃል። እሷ በዚያ ግቢ ዘመድ አልነበራትም። እውነት ተናግሮ ከማጣላት ዋሽቶ ማስታረቅ ይሻላል ሲባል ነው ያደግኩት። ጊዜውን አይቼ እነግራታለሁ አልኩ። አሜሪካ አመጣችኝ፤ ያኔማ እንዴት ይነገራል? በየዓመቱ ሻማ አብሬያት አበራሁ። ጊዜው እንዲህ እንዲህ ሲል አርባ ዓመት ሊሞላው ሆነ። አሁን እንሂድ፣ አስተርጉምልኝ ስትለኝ መውጫ አጣሁ።»

«ገፋኻት?» አለ ዴቪድ።

«አልነካኋትም። ስነግራት ወደ ኋላ ራቀች፤ ከእኔ ለመራቅ። ተረከዟ ጡቡን መታው። ተደግፋኝ በእግሯ ነው የገባችው። ልደውል ስል ‹ማንንም አትጥራ፣ ጨርሰህ ንገረኝ› አለችኝ።» ወደ ትንሳኤ ዞሩ። «ትንሳኤ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደምትወስድ አውቃለሁ። ፋርማሲ የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። አምቡላንስ ቢመጣ ‹ምን ስትባባሉ ወደቀች?› ይባላል። ፊልጶስ የሰው መቃብር ረግጦ፣ የሰው ሐዘን ላይ ሲዋሽ ኖረ ይባላል። ሰው ምን ይለኛል አልኩ። አትጥራ ስትለኝ ደስ አለኝ። እሱ ነው ኃጢአቴ፤ ደስ አለኝ።»

ትንሳኤ መነጽሯን አላወለቀችም።

«እኔስ ጋሽ ፊልጶስ?» አለች ሱአድ ከበሩ አጠገብ።

አቶ ፊልጶስ አልዞሩም።

«ዴቪድ ፊቴ ላይ ‹ገዳይ› ሲለኝ ሶፋው ላይ ነበሩ። ኤጀንሲው ስልክ ሲዘጋብኝ ሰምተዋል። ይቺን ሥራ ያገኙልኝ እርስዎ ነዎት፤ ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ምን እየጠበቁ ነበር?»

የዕድሩ ሊቀመንበር፣ ለስንት ቤት ቃል የሚመርጡት ሰው፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። መክብብ ግን ተነሳ። «መኪናቸውን አይቻለሁ» አለ ለትንሳኤ፤ ሱአድን ማየት አልቻለም። «እሷ ስትወነጀልም አውቅ ነበር። አም ሶሪ።»

አቶ ፊልጶስ ከነጠላው ሥር ተናገሩ። «አንድ ነገር ቀርቷል፣ ዴቪድ። ስታሻ ታውቅ ነበር። እኔ እዚያ በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በኖቬምበር የመጀመሪያ ቀን፣ ሰው ሳያያት፣ የአሳማ ጋጣው ደፍ ላይ ሻማ ታበራ ነበር። የእሷም እናት መቃብር በምሥራቅ ቀርቷል፤ ‹ለእኔም እናት አንዱ ያበራላት ይሆናል› ትል ነበር።»

«ይህን ለእናቴ ነገርካት?»

«አልደረስኩም። መርዶውን ነግሬ ማጽናኛው ላይ ሳልደርስ ሄደች።»

ዴቪድ ተነስቶ ወደ ጓሮው መስኮት ሄደና ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ያቺ ባልቴት ያበራችው ሻማ ለእናቱ መድረስ የሚችልበት አርባ ዓመት ሙሉ ነበረ፤ በመካከል የቆመው አንድ አስተርጓሚ ብቻ ነው።

ፖሊሱ ወደ ሳሎኑ ሲገባ አቶ ፊልጶስ ራሳቸው ተነሱ። በሱአድ አጠገብ ሲያልፉ ቦርሳዋን ከፍታ በንጹሕ ሶፍት የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

«ጠዋት እግራቸው ላይ ሳየው የእርስዎ መሆኑን አወቅኩ» አለች። «በእኔ እንዳያመካኙ ብዬ ፈታሁት። ግን የሰው አንገት ላይ የነበረ ነገር ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም።»

«ለእኔ መስጠት አለብሽ፤ ማስረጃ ነው» አለች ትንሳኤ።

«አውቃለሁ። ይዩት ብዬ ነው።»

አቶ ፊልጶስ አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ሳይነኩት መለሱት፤ ከዚያ አንገታቸውን የሚሸፍኑበት አጥተው ሸሚዛቸውን እንደ ተከፈተ ትተው ወጡ። ትንሳኤ ሶፍቱን ተቀብላ በከረጢት አሸገችው።

«ስለ አንቺ የምጽፈው አንድ መስመር ነው» አለቻት። «‹በሰዓቱ አልነበረችም፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም።› ለኤጀንሲው ዛሬውኑ እልከዋለሁ።»

ዴቪድ ከመስኮቱ ዞሮ ወደ ሱአድ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ቆመ። ይቅርታ ሊል እንደሆነ ያስታውቃል። ሱአድ አልጠበቀችውም፤ ወደ መኝታ ቤቱ ገብታ ከወይዘሮ ኤርና እግር ላይ የተገለጠውን አንሶላ አስተካከለች።

ከሰዓት በኋላ ወሬው ተገላበጠ፤ እሱም በስልክ ነው የደረሰው። የሱአድ ስልክ መጮህ ጀመረ። ከብሩክሄቨን፣ ከሎረንስቪል፣ የዕድሩ ሴቶች፣ ጠዋት ስሟን ሲያነሱ የዋሉት ሁሉ «እኛማ አንቺ እንዳልሆንሽ እናውቅ ነበር» ሊሏት ይደውላሉ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችውና ጫማዋን አጠለቀች። አንዱንም አላነሳችም።